ተመልሷል

በሦስት ዓመት ውስጥ በደብረ ብርሃን ከተማ አንድም ጉዳይ አላለቀም። አለቀ የተባለው ሁሉ አላለቀም። የጉዳዮች ማዞሪያ ባለሥልጣን በየሦስት ወሩ የሚያወጣው ሪፖርት «ስርጭቱ ረግቷል» ይላል፤ ሰውም «ረጋ» የተባለ ነገር ሁሉ ደህና ስለሚመስለው ገጹን አጥፎ ወደ ሰልፉ ይሄዳል።

ትርንጎ ጥላዬ ይህን ለማወቅ ሃምሳ አንድ ቀን ፈጀባት። ሃምሳ አንድ ቀን ለእሷ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ለአባቷ ቀኝ ዓይን የሰጠው ዘጠና ቀን ብቻ ነበርና። የግራው አንድ ጊዜ ሄዷል። በቀኙ ውስጥ ያለው ግፊት በዘጠና ቀን ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልቀነሰ ነርቩ ይሞታል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ ሌላ ዘጠና ቀን ቢጨምሩለት አይነሳም። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አርባ ደቂቃ ነው። ሐኪሙ አለ፣ አልጋው አለ፣ መሣሪያው አለ። የጠፋው ፈቃድ ነው።

ፈቃድ ማለት ፋይል ነው፤ ፋይል ማለት ዙረት ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የከተማው ስልክ ሁሉ እኩል ይጮኻል። ሰው ጉርሻውን ሳይውጥ ስልኩን ያያል። ስልኩ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ካሉት ቁጥሮች አንዱ አለ፤ ፋይሉ ዛሬ ያደረበት መስኮት ነው። ባለጉዳይ በአካል መቅረብ አለበት፤ ያልቀረበ ሰው ፋይሉ ለአርባ ቀን ይታገድበታል። መስኮት ሦስት ጠባሴ ጫፍ ነው፣ መስኮት ስምንት ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ነው፣ መስኮት አምስት ድሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በነበረው ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ የከተማው ሰው ጠዋት የሚጨነቀው ለጫማው ነው። ሰላምታውም ተቀይሯል፤ «እንዴት አደርሽ» ካሉ በኋላ «ስንት ወጣልሽ?» ማለት ወግ ሆኗል። ሰባት የወጣለት ሰው ለሰባት ጎረቤቱ በር ያንኳኳል፤ አብረው ይሄዳሉ። መስኮት አራት ሰልፍ ላይ ተዋውቀው የተጋቡ አሉ። ልጅ ወልደው ለልጁም ፋይል ከፍተዋል።

ቁጥሩ የሚወጣው በዕጣ ነው። ሐሳቡ ሲጀመር የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ጉቦ የሚሰጠው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ፋይሉ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ካልታወቀ ማንን ይለማመጡታል? ማንን ምሳ ይጋብዙታል? ስለዚህ ማዞሪያው ማሽን ፋይሉን ዛሬ ካለበት መስኮት አንስቶ በዕጣ ወደ ሌላው ይጥለዋል። ትናንት የት እንደነበረ አይጠይቅም። ማሽኑ ትዝታ የለውም፤ ይህም መመሪያው ላይ እንደ ምግባር ተጽፎለታል። ትዝታ የሌለው ቂም አይዝም፣ ውለታም አይከፍልም።

ጸሐፊዎቹም ከማሽኑ ተምረዋል።

«ስም?» አላት የመስኮት ሰባቱ ጸሐፊ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን።

«ትርንጎ ጥላዬ። ማክሰኞም መጥቼ ነበር።»

«የማክሰኞው እኔን አይመለከተኝም። የታካሚው ስም?»

«አባቴ ናቸው። ጥላዬ። ማክሰኞ ራስህ ነህ እኮ የጻፍከው።»

«እህቴ፣ እኔ የዛሬን ነው የምጽፈው። የሐኪም ማስረጃ?»

የሐኪም ማስረጃውን ለአሥራ ዘጠነኛ ጊዜ አወጣች። ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው አገላብጦ አየው፣ ማኅተም መታ፣ ቁጥርና ቀን ያለባት ቁራጭ ወረቀት ቀድዶ ሰጣት። ሰው ይህችን ቁራጭ አይጥላትም። አንድ ቀን የሚጠይቅ ይመጣል ብሎ በፌስታል ያከማቻታል። የጠየቀ ግን የለም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን መስኮት አሥራ ሁለት ወጣላት። የማጠቃለያ መስኮት የሚባለው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ፦ «ጉዳይዎ ተመልሷል።»

ትርንጎ ደስታዋን የምታሳይ ሰው አይደለችም፤ የዚያን ቀን ግን አውቶቡሱ እስኪቆም ሳትጠብቅ ዘልላ ወረደች። አባቷ አቶ ጥላዬ የሽመና መካኒክ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዓለምን አሁን የሚያዩዋት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ። ወሬውን ሲሰሙ ጢማቸውን ተላጩ። ጎረቤት ገብቶ «እንኳን ደስ አለዎ» አለ።

«አሁኑኑ እንሂድ እንዴ?» አለች ትርንጎ። «የጠባሴው ሆስፒታል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀበላል።»

«ኧረ ተይ!» አሉ አባቷ። «ከሰዓት በኋላ ምን ጉዳይ ይጀመራል? ጉዳይ በጠዋት ነው። ነገ ተነስተን ገላችንን ታጥበን እንሄዳለን።»

ጎረቤቱም «እውነት ነው፣ በጠዋት ነው» አለ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «1» ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ዘበኛ የአቶ ጥላዬን የፋይል ካርድ በካርድ ማንበቢያው ላይ አስነካ። ማንበቢያው «በሂደት ላይ፣ መስኮት 1» አለ። ዘበኛው ካርዱን በትሕትና መለሰላቸው። በዚያ ሥራ ላይ ትሕትናን የተማረ ሰው ይመስላል።

ትርንጎ መስኮት አንድ የደረሰችው ፊቷ ቀልቶ ነው።

«ምን ጎደለ?» አለቻት ጸሐፊዋን። «ምን ወረቀት ነው የጎደለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ተመልሷል ነው የሚለው።»

«ተመልሷልማ መልስ አግኝቷል ማለት ነው።»

«መልስ አግኝቶማ ቢሆን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ጸሐፊዋ፤ ማኅተሟንም መታች።

ትርንጎ ቁራጯን ይዛ ከሰልፉ ወጣችና ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ብዙ ነገር አናድዷት ያውቃል። ግስ ግን አናድዷት አያውቅም ነበር።

ስታቲስቲክስ ነው የተማረችው። ሥራዋ የዘር መጋዘን ውስጥ እርጥበት መለካት ነው፤ አለቃዋ ራሱ ዟሪ ስለሆነ ለምን ቀረሽ አይላትም። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰልፍ ላይ ወሬ ማውራት ትታ ቁራጭ መሰብሰብ ጀመረች። የረዳቻት እትዬ ማሚቴ ናት፤ ስልሳ ያለፋት፣ ታጣፊ ወንበር ይዛ የምትዞር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መስኮት ያልቀራት፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚፈሯት ሴት። እትዬ ማሚቴ ሰልፉ ላይ ተነስታ «ፌስታላችሁን ለዚች ልጅ ስጧት፤ አትበላውም» ካለች ማንም አይከለክልም።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ፌስታሉን ሰጣት። ትርንጎ ቁራጮቹን በቀን ደረደረቻቸው፣ «ተመልሷል» የደረሰበትን ቀን ከየሰዉ ስልክ ጨመረችበት፣ ቆጠረቻቸው፣ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ያገኘችው ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየችው ነው፤ እዚያ ግን የሰው ጫማ አልነበረበትም። ከመስኮት ሁለት የጀመረው ሐማል፣ ከመስኮት ዘጠኝ የጀመረችው መምህርት፣ ከወር በፊት የገባው፣ ከሦስት ዓመት በፊት የገባችው፣ የሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ ይከፋፈላል። ከመቶ ቀን አሥራ ዘጠኙ መስኮት ሰባት። አራቱ መስኮት አሥር። ትንሽ ቀን የዞረው ሰው ቁጥር ይዋዥቃል፤ ብዙ የዞረው ቁጥር ግን ወደዚያው ይጠጋል። መነሻ የሚባል ነገር ከሰው ላይ ታጥቦ ሄዷል። ማን ነህ ቢሉት፣ ከየት መጣህ ቢሉት፣ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን መስኮት ሰባት የሚቆም ሰው ነው።

ከመቶ ሦስቱ ቀን ደግሞ «ተመልሷል»። በአማካይ በሠላሳ አንድ ቀን አንዴ። ከተመልሷል ቀጥሎ ያለው ቁራጭ፣ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሰዎች በአንዱም ሳይሳሳት፣ መስኮት አንድ ነው።

«እትዬ ማሚቴ» አለች ትርንጎ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «ሠላሳ አራት ጊዜ ተመልሷል ብሎዎታል።»

«አዎ።»

«ሠላሳ አራት ጊዜ!»

«መጀመሪያ ጊዜ በግ አርጄበታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ምን ብዬ? በጉን የበሉትን ጎረቤቶች 'አላለቀልኝም፣ በጌን መልሱ' ልበላቸው?» አለች እትዬ ማሚቴ። «ወረቀት የጎደለኝ መስሎኝ ነዋ። ሰው የጎደለውን በአደባባይ ያወራል እንዴ?»

ትርንጎ ተነስታ ቆመች። «ሁሉም እንደዚህ ነው ያለኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ አፉን ከፍቶ ቢናገር ኖሮ ከሦስት ዓመት በፊት ያበቃ ነበር። ሁላችሁም ለራሳችሁ ዝም ብላችሁ ነው አገሩን ያዞራችሁት።»

«አትጩሂብኝ ልጄ።»

«አልጮኽኩም።»

«ጮኸሻል። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እትዬ ማሚቴ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና በረዥሙ የተሰፋውን ጠባሳ አሳየቻት። «ይኸውልሽ። ለጉልበቴ ነበር የገባሁት። ዓምና ምራቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ተቀምጬ ሳለ ያ መልእክት መጣ። ነርሷ ካርዴን አየችና 'ፈቃድዎ አለኮ፣ ይግቡ' አለችኝ። በዚያው ከሰዓት ሠሩልኝ። በማግስቱ 'መስኮት አንድ' ይላል። አልቀርብም ብል ፋይሌ ይታገዳል፣ ፋይሌ ከታገደ የቤት ካርታዬም አብሮ ይታገዳል። ይኸው እዞራለሁ። በአዲሱ ጉልበቴ!» ብላ ሳቀች።

ትርንጎ አልሳቀችም። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ብላ አሰበች። ሁለት ሰዓት። ማሽኑ በማግስቱ ጠዋት ዕጣ እስኪጥል ድረስ ፈቃዱ ፈቃድ ነው። ነገሩን ሁሉ የገደለው «ጉዳይ በጠዋት ነው» የሚለው ወግ ነው።

ለሰልፈኛው ሁሉ ነገረችው። ግማሹ አላመናትም። ግማሹ ደግሞ አመናትና የእሱ ጉዳይ የመሬት መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ የመሬት መሥሪያ ቤት ደግሞ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ ነገራት።

በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ወደ ባለሥልጣኑ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ወጣች። የስሌት ክፍሉ ኃላፊ ሱራፌል አብሯት የተማረ ነው። የመጨረሻው ፈተና ላይ ከኋላዋ ተቀምጦ ከወረቀቷ ገልብጧል፤ ያንን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ትርንጎ! ጠፋሽ እኮ!»

«አልጠፋሁም። ስዞር ነበር።»

ሱራፌል ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳያት። አሥራ ሁለት መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። «እዪልኝ፤ አራት መቶ ሺህ ፋይል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ረግቷል። ሽልማት አግኝተንበታል።»

«ወተትም ይረጋል።»

«ቀልድሽ አልለቀቀሽም።»

«የምቀልድ ይመስልሃል? መውጫ ያለው ነገር እንዴት ነው የሚረጋው? የተሸነቆረ በርሜል ይጎድላል እንጂ ይረጋል?»

«አዲስ ፋይል ይገባላ።»

«ይገባል። የሚወጣውስ?»

«በዓመት አሥራ አንድ ሺህ ፋይል ይዘጋል።»

«ለምን እንደተዘጋ አንብብልኝ።»

ሱራፌል ሰንጠረዡን ከፍቶ ወደ ታች ወረደ። የመጀመሪያውን መስመር ለማንበብ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ፣ አፉን ዘጋ። ረዥም ጊዜ ወደ ታች ወረደ። በሁሉም መስመር ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ባለጉዳይ በሕይወት የለም።»

«አሁን የዕጣውን ሰንጠረዥ ክፈት» አለች ትርንጎ። «ተመልሷል የሚለውን ረድፍ።»

ከፈተው። ከተመልሷል ወደ መስኮት አንድ፣ ከመቶ መቶ።

«ድሮ 'ተፈጽሟል' ነበር እኮ የሚለው» አለ ሱራፌል ቀስ ብሎ። «የቋንቋ ኮሚቴው ነው የቀየረው። ተፈጽሟል ሲባል ሰውየው የሞተ ይመስላል፣ ለስለስ ያለ ቃል ይሁን ተባለ። ጥያቄህ ተመልሷል፣ መልስ አግኝቷል ለማለት…»

«ረድፉን የሞላው ሰውስ?»

«ተመልሷል ሲል… ወደ መጣበት…»

«ወደ መጣበት።»

ሱራፌል ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። እዚህ ላይ ትርንጎ የጠበቀችው ክርክር ነበር፤ አልተከራከራትም። እውነቱን ለመናገር ተማሪ ሳለም ሲገባው ይገባዋል፤ ችግሩ እስኪገባው ድረስ ያለው ጊዜ ነው።

«አስተካክለዋ» አለችው። «አንድ ረድፍ ነው።»

«በእኔ እጅ አይደለም። የማስተካከያ ኮሚቴ አለ፤ በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል። ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። በስምሽ ነው የማስገባው፣ ጠቋሚዋ አንቺ ነሽ። ስሌቱን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ስትወጣ ደረጃውን እየቆጠረች ወረደች፤ ከንዴቷ ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ መስኮት አሥራ ሁለት በወጣ ቁጥር ትርንጎ አባቷን በጠዋት ሆስፒታሉ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጠች ትሄድ ነበር። ካርዳቸው አንገታቸው ላይ፣ ዳቦና ውሃ ከጎናቸው። ከመስኮት አሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ የቀረበ ሰው አንዴ ነው ያ መልእክት የሚደርሰው። ሁለት ጊዜ አስቀመጠቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ወሰደቻቸው።

«ስንት ቀን ሆነው ካለፈው ወዲህ?» አሏት አንድ እሑድ ምሳ ላይ። ውሃ ሊቀዱ ፈልገው ብርጭቆውን ስተው ጠረጴዛው ላይ ቀድተዋል፤ ሁለቱም ያላዩ መስለው ተቀምጠዋል።

«ሃምሳ አምስት።»

«በሠላሳ አንድ ቀን አንዴ ነው አላልሽኝም? ታዲያ እንግዲህ ደርሷላ።»

«አልደረሰም አባዬ።»

«እንዴት አይደርስም? አውቶቡስ እንኳ በዘገየ ቁጥር እየቀረበ ነው።»

«አውቶቡስ መንገድ አለው። ይሄ መንገድ የለውም። ዛሬ የት መስኮት እንዳለን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሃምሳ አምስት ቀን መጠበቅህን አይቆጥርልህም።»

«ይሄን ነው ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ያስተማሩሽ?»

«አዎ።»

«እግዜር ይይላቸው» አሉ አቶ ጥላዬ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ብርጭቆውን በእጃቸው ዳብሰው ካገኙት በኋላ፣ «ፊትሽን ዞር አድርጊልኝ እስቲ። በዚህ በኩል አይታየኝም» አሉ።

በሰማንያ አራተኛው ቀን አሥራ ሁለት ወጣ።

አባቷን አስቀምጣ፣ መስኮቱ ጋ ቀርባ፣ አምስት ሰዓት ላይ ቁራጯን ተቀበለች። መስኮት አሥራ ሁለት ያለው በባለሥልጣኑ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ወደ ሆስፒታሉ ልትሄድ ስትል ሱራፌል ደወለ። ኮሚቴው ዛሬ ተሰብስቧል፣ ሕንፃው ውስጥ ቆዪ፣ ምስክርም ያስፈልጋል አላት። እትዬ ማሚቴን ጠራቻት። ወረፋቸው እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ተቀመጡ፤ እትዬ ማሚቴ በራሷ ወንበር፣ ትርንጎ መሬት ላይ።

ሲገቡ ሱራፌል ብቻውን ነበር፤ ኮሚቴው በሚቀጥለው ክፍል ሌላ አጀንዳ ይዟል። ሸሚዙ ተጨማዷል፣ ዓይኑ ግን ያበራል።

«አለፈ!» አለ። «በሙሉ ድምፅ። ሰብሳቢውን ሁለት ሰዓት ተከራክሬ ነው ያሳመንኩት። ሌላውን ሁሉ ጨርሻለሁ፣ የቀረው የጠቋሚ ፊርማ ነው። እዚህ ጋ ስትፈርሚ ማሽኑ በዚያው ደቂቃ ይቆማል፣ ረድፉ ይታረማል፣ ከነገ ጀምሮ ያለቀ ጉዳይ ያልቃል። በቃ!»

እትዬ ማሚቴ እልል ልትል አፏን በእጇ ሸፈነች።

ትርንጎ ብዕሩን አነሳች። «ማሽኑ ሲቆም ፋይሎቹስ? ባሉበት ነው የሚቆዩት?»

«የት እንዳሉ በምን ያውቃል? ሲነሳ ሁሉም ከመስኮት አንድ ይጀምራል። ግን ምን ችግር አለው፣ አሁን መውጫ አለ። ወር፣ አንድ ወር ተኩል ቢዞሩ ነው።»

ስልኳ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው። አየችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ሱራፌልም አነበበው። «ጉዳይዎ ተመልሷል።»

ብዕሩን ሳታስቀምጥ በሌላው እጇ ደወለች። «አባዬ፣ መጥቷል። ካርድህን ለዘበኛው ስጠው። ግባና ተቀመጥ፣ ሲጠሩህ ልጄ እየመጣች ነው በል።» ዘጋችው። «ሱራፌል፣ ሆስፒታሉ ካርዱን ስንት ጊዜ ነው የሚያየው?»

«በሩ ላይ፣ አልጋ ሲይዙ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ።»

«ሦስት ጊዜ። ቤተሰብ ደግሞ በአካል መፈረም አለበት፤ ያም እኔ ነኝ። ክፍል የሚገቡት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ መጥቼ ልፈርምልህ።»

«ኮሚቴው አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰብሳቢው የአዲስ አበባ አውቶቡስ አላቸው።»

«ይለፋቸዋ አውቶቡሱ!»

«ትርንጎ…»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ያልቸኮለ ሰው ዛሬ አውቶቡስ ያስቸኩለዋል? ነገ ልፈርም።»

«ነገ ኮሚቴ የለም። ከአሥር ሰዓት በፊት ያልተፈረመ ጥቆማ ወደ ሚቀጥለው ስብሰባ ይሻገራል፤ ሦስት ወር።»

«እትዬ ማሚቴ ይፈርሙ።»

«ስሌቱ ያንቺ ነው። እሳቸው ከፈረሙ አዲስ ጥቆማ ይሆናል። አዲስ ጥቆማ ፋይል ይከፈትለታል፣ ከመስኮት አንድ…» አለና የሚለውን ራሱ ሰምቶ አቆመ።

 ትርንጎ አሰላችው። ሌላ ነገር ማድረግ ስለማትችል አሰላችው። ከፈረመች የአባቷ ፈቃድ አሁኑኑ ይጠፋል፣ ፋይላቸውም ነገ መስኮት አንድ ነው፤ የቀራቸው ስድስት ቀን ነው፤ ከመስኮት አንድ ተነስቶ በስድስት ቀን ውስጥ መውጫው ጋ የሚደርስ ፋይል ከመቶ አሥር አይሞላም። ካልፈረመች አራት መቶ ሺህ ሰው ሌላ ሦስት ወር ይዞራል፤ በዓመት አሥራ አንድ ሺህ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ የሚዘጋው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው። ቁጥሩ ለማውጣት ቀላል ነበር። ቀላል መሆኑ አናደዳት።

ብዕሩን አስቀመጠች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች።

«አራት መቶ ሺህ ሰው ነው ትርንጎ» አለ ሱራፌል።

«አውቃለሁ። የቆጠርኩልህ እኔ ነኝ።»

«አባትሽ አንድ ሰው ናቸው።»

«አዎ። አንድ ናቸው።»

እትዬ ማሚቴ ከታጣፊ ወንበሯ አልተነሳችም። እጇን ከአፏ ላይ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹን የምታስፈራራበት ድምፅ አልነበረም።

«እና እኛስ ልጄ?»

ትርንጎ ዓይኗን አነሳች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

«ከዚህ ጠባሴ ሆስፒታል ሃያ አምስት ደቂቃ ነው እትዬ ማሚቴ» አለች፤ ወጣችም። በሩ በርጥበት አብጦ ስለነበር መጀመሪያ አልገጠመም፤ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ ሳበችው።